ሙሉውን የተመለሰው ሳህን

ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችሁን ሃይማኖት የሚያስተምራቸው ማን ነው?

ከሁለት ዓመት በፊት ይህን የጠየቀኝ ሰው ቢኖር መልሱ አይቸግረኝም ነበር። «እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ አያታቸው አለችላቸው፣ ማታ ማታ ደግሞ ከእኛ ጋር ይጸልያሉ» ብዬ አልፈው ነበር። ውሸት አይደለም። ከዝርዝሩ ውስጥ ግን አንዲት አስተማሪ ቀርታለች። እሷም ከሥራ ደክማ የምትገባው፣ ሽንኩርት እያቁላላች ለልጇ ጥያቄ ጀርባዋን ሰጥታ የምትመልሰው እኔ ነኝ። ልጄ ከሁሉም ይልቅ የተማረችው ከዚህችኛዋ አስተማሪ መሆኑን ያወቅሁት፣ አንድ ሳህን ሳምቡሳ ከደጃችን ሙሉውን በተመለሰ ጊዜ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

የምኖረው አሶሳ ነው። ዕድሜዬ 33 ነው። የተማርኩት ቢዝነስ ሲሆን በአንድ ድርጅት ውስጥ በማርኬቲንግ ኦፊሰርነት እሠራለሁ። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ በሥራው ጠባይ የወሩን ግማሽ መስክ ላይ ስለሚያሳልፍ የቤቱ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በእኔ ላይ ነው።

ልጆቼን በእምነት አሳድጋለሁ ብዬ ስነሣ የጀመርኩት በዕቅድ ነበር። በባለ ቀለም እስክሪብቶ ሠንጠረዥ ሠርቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። ሰኞ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ ማክሰኞ የቅዱሳን ታሪክ፣ ረቡዕ ስለ ጾም፣ ሐሙስ መዝሙር። ቢሮ የሩብ ዓመት ዕቅድ የማወጣበትን አሠራር እንዳለ ቤቴ አመጣሁት፦ ዓላማ፣ ተግባር፣ ጊዜ፣ ፈጻሚ። ፈጻሚዋ እኔው። ሦስት ሳምንት ያህል ሄደ። በአራተኛው ሳምንት መሥሪያ ቤት ሥራ በዛ፣ ወረቀቱም ፍሪጁ ላይ እንደተለጠፈ ዘይት ጠጣ፤ ትንሹ ልጄም ጫፉን ቀደደው። ከዚያ የተረፈን ማታ በጥድፊያ የሚባለው አባታችን ሆይ ነበር። እሱንም ቢሆን ስንት ቀን ስልኬን በአንድ እጄ ይዤ እንዳልኩት እግዚአብሔር ያውቃል።

አሶሳን ለማታውቋት ትንሽ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት። ክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አገር ሲሆን፣ አማራውና ኦሮሞውን ጨምሮ ከሌላ አካባቢ የመጣ ብዙ ሰውም ይኖርበታል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ፣ በክልሉ ካለው ከ100 ሰው 45ቱ ያህል ሙስሊም፣ 33ቱ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ 13ቱ ደግሞ ፕሮቴስታንት ነበር። እኛ ይህን ለማወቅ ቁጥር አያስፈልገንም። ሌሊት ቅዳሴውም አዛኑም በአንድ መስኮት ነው የሚገባው።

የእኛን ቤት ከጎረቤቴ ቤት የሚለየው የቀርከሃ አጥር ነው። አጥሩ ላይ ልጆቹ የሚሾልኩባት ክፍተት አለች፤ ስንት ጊዜ ጠግነናት መልሰው ከፍተዋታል። ጎረቤቴ የበርታ ተወላጅና ሙስሊም ናት፤ ትንሽ ሱቅ አላት። ልጇና ልጄ እኩያ ናቸው፣ አንድ ክፍል ይማራሉ፣ ጠዋትም በአንድ ባጃጅ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። እኛ እናቶቹ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አብረን እንጠጣለን። እሷ እኔን «እህቴ» ነው የምትለኝ። እኔም እንዲሁ።

በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች ተያይዘው ገቡ። የእኛ ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 17 ሲጀመር፣ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የካቲት 22 ገባ። ያን ቀን ማታ እኔ ጓዳ ሆኜ ከመሥሪያ ቤት የተደወለልኝን ስልክ እያነጋገርኩ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ፣ ልጄ ስትከፍትም ሰምቻለሁ። «ማን ነው?» ስላት «ማንም የለም» አለችኝ። አላጣራሁም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አንዳንድ ነገር መቀየሩን አይቻለሁ፤ ልብ ግን አላልኩም። የጎረቤቴ ልጅ ጠዋት በባጃጁ መምጣት ትታ ከታላቅ ወንድሟ ጋር በእግሯ መሄድ ጀመረች። የአጥሩ ክፍተት ዝም አለ። ጎረቤቴ ቅዳሜ ለቡና አለመምጣቷን ለጾሙ ሰጠሁት፤ ጾመኛ በቀን ቡና አይጠጣምና። ማታ ላይ ስንገናኝም ሰላምታዋ አጠረ። «ጾሙ ከብዷት ይሆናል» አልኩ።

እሑድ የካቲት 30 ማታ የተሠራው ሽሮና የሱፍ ፍትፍት ስለበዛብኝ በሳህን አድርጌ ልጄን «ለጎረቤት አድርሺ፣ አሁን ያፈጥራሉ» አልኳት። አልተነሣችም።

«አይበሉልንም» አለችኝ። «እኔም የእነሱን መልሼዋለሁ።»

«ምኑን ነው የመለስሽው?»

«ሳምቡሳውን። እኛ አንበላም፣ ርኩስ ነው ብዬ።»

እጄ ላይ ያለው ሳህን ከበደኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስልኩን ነው። ሥራ ሲበዛብኝ ልጆቼን የማስይዛቸው እሱን ነውና፣ ከአንዱ ቪዲዮ የሰማችው መሰለኝ። «ይህን ቃል ማን አስተማረሽ?» ብዬ ተቆጣሁ።

ልጄ ግራ ገብቷት አየችኝ። «አንቺ ነሽ ያልሽኝ። የአረፋ ጊዜ።»

ትዝ አለኝ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አረፋ ሲከበር ልጄ ከጎረቤታችን ግቢ ሮጣ መጥታ «ሥጋቸውን እኛ የማንበላው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የጾም ወቅት ቢሆን ኖሮ «ጾም ነው» ብዬ እገላገል ነበር። አልነበረም። በማግስቱ የማቀርበው ሪፖርት ነበረኝ፣ ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል «ለእኛ ርኩስ ነው፣ ዝም ብለሽ አትብዪ» አልኳት። አንዲት ዓረፍተ ነገር። እኔ በዚያው ቅጽበት ረሳኋት። ልጄ ግን ስምንት ወር ይዛት ቆየችና፣ ጊዜው ደርሶ ሲመስላት አወጣቻት።

ማርኬቲንግ ስማር ቀድሞ የገባኝ ነገር ነበር። ደንበኛ የሚያምነው አደባባይ ላይ የተሰቀለውን ባነር ሳይሆን መስኮቱ ላይ ያገኘውን መስተንግዶ ነው። ድርጅቱ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብሎ ቢለጥፍ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ፊቱን ካጠቆረ ደንበኛው ይዞ የሚሄደው የጠቆረውን ፊት ነው። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! ቤቴ ውስጥ ግን ባነሩ ፍሪጁ ላይ ነበር፤ መስኮቱ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።

በዚያ ሰሞን አያቴ ለሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። እኛ ሁላችን «እማማ» ነው የምንላቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥግ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ነይ እስኪ አጠገቤ ተቀመጪ» አሉኝ።

እማማ አሶሳ የገቡት በ1977 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜው ድርቅ ወሎን ሲያራቁተው፣ መንግሥት በሁለት ዓመት ውስጥ 600 ሺህ ገደማ ሕዝብ አንሥቶ በአብዛኛው ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል አሰፈረ። ያን ጊዜ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው አሶሳም ብዙ ሰፋሪ ተቀበለች። ዛሬም በከተማዋ ዙሪያ «አምባ» እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩት መንደሮች የዚያ ጊዜ ትዝታ ናቸው። እማማ ከባላቸውና ከዘጠኝ ዓመቷ እናቴ ጋር የገቡት ከእነዚህ መንደሮች በአንዱ ነው።

«በመጀመሪያው ክረምት ወባ ጣለኝ» አሉኝ። «አያትሽ እርሻ ላይ ነው። እናትሽን የሚያይልኝ ሰው የለም። ከጎናችን ያለችው ጎጆ የእስላም ነበረች፤ እሷም እንደኛው ከወሎ የመጣች። እናትሽን ሃያ ቀን ያህል ከልጆቿ ጋር አበላችልኝ። የዕርዳታ ዱቄት ወተት ይታደለን ነበር። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ለልጆቿ ወተቱን በጥብጣ ትሰጥና ለእናትሽ ንፍሮ ነበር የምታቀርብላት። ኋላ ስድን ‹ለምን ከለከልሻት?› አልኳት። ‹ልጅሽ የጾም ልጅ ናት። አንቺ ተኝተሽ እኔ ላስገድፋት?› አለችኝ።»

ዝም ብለን ተቀመጥን። ከዚያ እማማ እንዲህ አሉኝ፦ «ሃይማኖትሽ አንቺ ዘንድ የደረሰው በእኔና በእናትሽ እጅ ብቻ እንዳይመስልሽ። በእሷም እጅ ነው።»

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ የወጣቱ እምነት መጀመሪያ በአያቱ በሎይድ፣ ቀጥሎም በእናቱ በኤውንቄ እንደነበረ ያስታውሳል። ይህን ክፍል ሁልጊዜ እወደው ነበር፤ እማማንና እናቴን ስለሚያስታውሰኝ። በዚያች ሌሊት ግን በእኛ ቤት ታሪክ ሦስተኛ ሴት እንዳለች አወቅሁ። ስሟን እንኳ አላውቀውም፤ ግን እናቴ ጾሟን እንዳትገድፍ የጠበቀች እሷ ናት። እኔ ደግሞ የእሷን መሰል ጎረቤት ሳህን በልጄ አፍ አስመለስኩ።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። በክልላችን፣ በተለይ በካማሺና በመተከል ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት የግጭት ዓመታት፣ «እኛ» እና «እነሱ» የሚሉት ቃላት ምን ያህል ሰው ከቤቱ እንዳፈናቀሉ የምናውቅ ሰዎች ነን። የዚያ ግጭት መነሻ ሃይማኖት አልነበረም። ነገር ግን ሰውን ከሰው የሚያሳንስ ቃል፣ መነሻው ምንም ይሁን፣ መጀመሪያ የሚነገረው ቤት ውስጥ ነው። ልጅ የሚሰማውም ማንም ትምህርት ብሎ ባልሰየመው ሰዓት ነው።

በማግስቱ ልጄን ይቅርታ እንድትጠይቅ ልልካት ፈለግሁ። እማማ ከለከሉኝ። «ቃሉ የማን ነው?» አሉ። «ባለቤቱ ይሂድ። ልጅቱ አብራሽ ትምጣና ታይሽ።»

ሄድን። ጎረቤቴ ገና ሱቋን ዘግታ መግባቷ ነበር። «እህቴ፣ ልጄ የተናገረችው የእኔን ቃል ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ» አልኳት። መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደች።

«ዘይቱ አዲስ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሁዳዴ መግባቱን ስለማውቅ የምስር ሳምቡሳ ነው የሠራሁላችሁ። ከሥጋው ጋር እንዳይነካካ የእናንተን አስቀድሜ፣ ለብቻው ነው የጠበስኩት።»

ምን ልበል? እሷ ጾሜን ጠብቃልኛለች። እኔ ምኗን ጠበቅሁላት?

«እኔስ አዋቂ ነኝ፣ አልፈዋለሁ» ብላ ቀጠለች። «የከበደኝ ሌላ ነው። ልጄ ሳህኑን ይዛ ተመልሳ ‹እማ፣ እኛ ርኩስ ነን?› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያልላክኋት ተቀይሜ አይደለም፤ ሁለተኛ እንዳትሰማው ብዬ ነው። ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ። ለእሷ ግን አንቺው ንገሪልኝ።»

ልጅቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ወደ እሷ ሄጄ ቁጢጥ አልኩና፣ የተናገርኩት ቃል ስሕተት እንደነበር፣ እሷም ቤተሰቧም ምግባቸውም ርኩስ እንዳልሆኑ፣ ቃሉን ለልጄ ያስተማርኳት እኔ እንደሆንኩና በመናገሬም እንዳፈርኩ ነገርኳት። እናንተም ሞክራችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ የስምንት ዓመት ልጅ ፊት ይቅርታ መጠየቅ ከአለቃ ፊት ከመቆም ይከብዳል። ልጅቷ ሰምታኝ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞር ብላ «ነገ ባጃጁ ላይ ዳር የሚቀመጠው ማን ነው?» አለቻት።

ያን ማታ ለልጄ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ነገርኳት። ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10። ታሪኩን ከዚህ በፊትም ታውቀው ነበር፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ሥዕሉን ቀብታዋለች። አሁን ግን አቋረጠችኝና «ሳምራዊው የእነሱ ሃይማኖት ነበር እንዴ?» አለችኝ። አይሁድና ሳምራውያን በአምልኮ እንደማይስማሙ፣ አብረውም እንደማይበሉ ነገርኳት። ትንሽ አሰበች። «እና ኢየሱስ እያወቀ ነው ደጉን እሱን ያደረገው?» አለች። «አዎ፣ እያወቀ ነው» አልኳት። ለሦስት ሳምንት ፍሪጅ ላይ የለጠፍኩት ዕቅድ ያላመጣውን ጥያቄ አንድ የተመለሰ ሳህን አመጣው።

የሥጋው ጥያቄ ግን አሁንም መልስ ይፈልግ ነበር። እኔ የሃይማኖት መምህር ስላልሆንኩ የንስሐ አባታችንን ጠየቅሁ። «ልጄ፣ ‹አትብዪ› የሚል ሥርዓት አለሽ» አሉኝ። «‹ስደቢ› የሚል ግን የለሽም።» ለልጄ ያስረዳኋትም ይህንኑ ነው። ክርስቲያን ሲያርድ በሥላሴ ስም አማትቦ፣ ሙስሊምም ሲያርድ ቢስሚላህ ብሎ ነው። ሁለቱም ከፈጣሪያቸው ጋር ባላቸው ቃል ኪዳን መሠረት የየራሳቸውን ይበላሉ። እነሱም የእኛን ዶሮ አይበሉም፤ እኛን ስለናቁን ግን አይደለም። ይህን ለማስረዳት የፈጀብኝ ሦስት ደቂቃ ነው። በዚያ የአረፋ ቀን ሦስት ደቂቃ አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ጎረቤቴ ለኢፍጣር ጠራችን። ይህን ስጽፍ «እንዴት ይሆናል?» የምትሉ አንባቢያን እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ ከዘመዶቼም ያሉኝ አሉ። ነገር ግን አስቡት። በሌላ ጊዜ ሁለቱን ቤቶች በማዕድ የሚለያቸው ሥጋ ነው፤ በሁዳዴ ደግሞ እኛ ሥጋ የለንም። እኔ ሽሮ፣ ጎመንና የሱፍ ፍትፍት ይዤ ሄድኩ፤ እሷ ተምር፣ የአትክልት ሾርባና ያንኑ የምስር ሳምቡሳ አቀረበች። እኔና ባለቤቴ የተለመደው ሰዓታችን ቢያልፍም አዛኑ እስኪሰማ ቆየን። እነሱ ቢስሚላህ ብለው በተምር ጾማቸውን ፈቱ። እኛም ቆመን አባታችን ሆይ ብለን አማተብን። ጎረቤቴ ጸሎታችንን እስክንጨርስ ልጆቿን ዝም አሰኝታ ጠበቀችን።

ልጄ ይህን ሁሉ አየች። እናቷ በሰው ቤት ማማተብ እንዳላፈረች አየች። የጎረቤቷ እናት የሌላውን ጸሎት እንዳከበረች አየች። እኔ ድሮ የምፈራው ልጆቼ ከሌላው ጋር በጣም ከተቀራረቡ የራሳቸው ይጠፋባቸዋል ብዬ ነበር። ያየሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ ስለ ራሷ ሃይማኖት የምትጠይቀው ጥያቄ በዛ። «እነሱ በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳሉ፤ እኛ ስንት ጊዜ ነው የምንጸልየው?» አለችኝ አንድ ቀን። በቤተ ክርስቲያናችን የቀኑ የጸሎት ጊዜያት ሰባት መሆናቸውን ስነግራት ዐይኗን አፈጠጠች። «እኛ ታዲያ አንዱን ብቻ ለምን?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ። አሁን ጠዋት ከቤት ሳንወጣ በር ላይ ቆመን እንጸልያለን። ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ የፍሪጁን ወረቀት መልሼ አልለጠፍኩም። በምትኩ ቤታችን ውስጥ ጥቂት ነገሮች ተለመዱ። ለእናንተም የሚጠቅሙ ከሆነ ልንገራችሁ።

አንደኛው፣ ልጅ ስለ እምነት ሲጠይቅ ደክሞኝ ከሆነ አልመልስም። «አሁን ደክሞኛል፣ ከመተኛትሽ በፊት እነግርሻለሁ» እላታለሁ። ቃሌንም እጠብቃለሁ፤ ካልጠበቅሁ እሷ ታስታውሰኛለች። በድካም የሚወጣ አጭር መልስ ለእኛ መገላገያ ነው፣ ለልጅ ግን ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ይቅርታ ነው። እኔና ባለቤቴ ስንጋጭ ልጆቹ ፊት ከሆነ የተጋጨነው፣ የምንታረቀውም ልጆቹ ፊት ነው። ድሮ የምንጋጨው ሳሎን፣ የምንታረቀው መኝታ ቤት ነበር። ልጆቻችን ጠቡን አይተው እርቁን ሳያዩ ነው ለካ የሚተኙት! በየማታው «በደላችንን ይቅር በለን» ብለው እንዲጸልዩ እያስተማርን፣ ይቅርታ ምን እንደሚመስል አላሳየናቸውም ነበር።

ሦስተኛው የጾም ጣሳ ነው። በጾም ወቅት ለሥጋ፣ ለእንቁላልና ለወተት የምናወጣው ገንዘብ ይተርፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የተረፈውን ገምተን ልጆቹ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይጨምሩታል። በጾሙ መጨረሻ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን ልጆቿን ለብቻዋ ለምታሳድግ እናት ነው የሰጡት። ጾም ማለት ምግብ መከልከል ብቻ ይመስለው የነበረው ትንሹ ልጄ አሁን «ጾም መቼ ነው የሚገባው?» ብሎ ይጠይቃል። ጣሳውን ስለሚወደው ነው፤ ይሁን፣ ከዚያ ይጀምር።

አራተኛው መንገድ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ወላጅ ለልጁ ስለ እግዚአብሔር መንገር ያለበት ቤት ተቀምጦም፣ መንገድ ሲሄድም፣ ሲተኛም፣ ሲነሣም መሆኑን ያዛል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት የተጠቀሱት ሰዓቶች ሁሉ ተራ ሰዓቶች ናቸው። ከልጆቼ ጋር ወደ ገበያ ስንሄድ፣ ልብስ ስናጥፍ፣ ምስር ስንለቅም የምናወራው ነው ዘልቆ የሚገባው። እኔ ትምህርቱን ከኑሮው ውጪ ቦታ ስፈልግለት ነበር የደከምኩት።

መጋቢት 21 የዒድ አልፈጥር በዓል ሆነ። እኛ ገና ጾም ላይ ስለነበርን ጎረቤቴ ተምርና ብርቱካን ላከችልን። ልጇ ናት ያመጣችው፤ ልጄ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት። ሳህኗ ያችው ናት፣ ዙሪያዋን ሰማያዊ አበባ ያለባት ነጭ ሳህን። እናንተም እንደምታውቁት የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ጾም ላይ ሆኜ የሚመጥን ነገር አጣሁና ለፋሲካ ብዬ አስቀመጥኳት።

ሚያዝያ 12 ፋሲካ ዋለ። ከደፋሁት ድፎ ዳቦ ትልቅ ቁራሽ ቆርጬ፣ ከግቢያችን ዛፍ መብሰል ከጀመረው ማንጎ ሦስት ጨምሬ ሳህኗን ሞላኋት። ጓዳ ሆኜ የዶሮውን ወጥ ሳማስል ልጆቼ ሳሎን ሲነጋገሩ እሰማለሁ።

«ዶሮውን ለምን አንልክላቸውም?» ይላል ትንሹ።

«አይበሉትም። እነሱ በራሳቸው ጸሎት ነው የሚያርዱት፣ እኛም በራሳችን።»

«ርኩስ ስለሆነ ነው?»

ማማሰያውን ይዤ ቆምኩ።

«እንደሱ አይባልም» አለችው እህቱ። «እማዬም አንዴ ብላ ይቅርታ ጠይቃለች። ስማ፣ ሥጋ ነው የማንቀያየረው። ዳቦ ግን እንቀያየራለን። ና፣ አንተ ማንጎውን ያዝ።»

በአጥሩ ክፍተት ሾልከው ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው። አንዱ ማንጎ መንገድ ላይ ወድቆ አንሥተው በቀሚሷ ጠረገችው። ሳህኗ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አልቆጠርኩም። ይህን ስጽፍላችሁ እኛ ቤት ናት፣ መደርደሪያው ላይ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ለቡናው ቆሎ ቆልቼ እልክባታለሁ።